አማቴ ከበቅሎ የወረዱ ዕለት

በጃንሆይ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ ብስክሌት የነዳሁ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ ብል ውሸት ይሆንብኛል። በሚሲዮኑ ግቢ አንዲት ፈረንጅ ነርስ ነበረች። እሷ ግን ፈረንጅ ናትና ማንም አይቆጥራትም ነበር። ከአገሩ ልጅ፣ ያውም ደመወዝ ከሚበላ አስተማሪ መካከል፣ ከቀሚሷ ሥር የወንድሟን ሱሪ አጥልቃ ቅዳሜ ቅዳሜ በሁለት ጎማ የምትሮጠው እኔ ነበርኩ። ያስተማረኝም እጮኛዬ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ፣ እኔ «እንዳትለቀኝ» እያልኩ፣ እሱ «አልለቀቅኩሽም» እያለ፣ አንድ ቀን ድምፁ ከሩቅ ሲመጣብኝ ዞር ብል ለካ ከለቀቀኝ ቆይቷል። በዚያው ቀን ሁለት ነገር ወደድኩ፤ አንዱን አገባሁት።

ብስክሌቱ የኔ አልነበረም። ከገበያው በላይ ሱቅ ከነበረው ከአንድ ጉራጌ ነጋዴ ነበር የምከራየው። ጋሼ እለው ነበር። እሱ ደግሞ ብስክሌቱን እንደ ልጅ ነበር የሚያየው፤ ስመልስለት ዙሪያውን ዞሮ፣ ፓራፋንጎውን፣ የጎማውን ጭቃ መከላከያ፣ በመዳፉ ዳብሶ፣ ደወሉን አንዴ ደውሎ ካልሰማ አይረካም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ያለዚያ የቀረው ወሬዬ አይገባም። በእኛ አገር በበቅሎ ላይ ያለ ሰው ሽማግሌ ካየ ይወርዳል። ወርዶ፣ ባርኔጣ ካለው አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። የልጁን፣ የከብቱን፣ የእህሉን ደኅንነት ይጠይቃል፤ ይመረቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ተመልሶ የሚወጣው። ብስክሌት ሲመጣ ይህን ሕግ የለወጠ ሰው አልነበረም። እኔም እወርድ ነበር። ለአንድ ሽማግሌ ወርጄ ተመርቄ እወጣለሁ፤ ፔዳሉን ሁለቴ ሳልመታ ሌላው ብቅ ይላል። በእግር የሄዱት ቀድመውኝ የሚደርሱበት ጊዜ ነበር።

አማቴ የሚሆኑት ሰው በጊምቢቹ መንገድ ላይ የሚኖሩ ገበሬ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ግራጫ በቅሎ የሚቀመጡ፣ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። ሽማግሌዎች ለጋብቻው ተልከው ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ አንዲት መልእክት አስከትለው ላኩ። «ልጅቷን ወደናታል። የብረቱ ነገር ግን ከሠርጉ በፊት ያብቃ። የቤቴ ምራት ሰው እያየ በጎማ ላይ ስትሮጥ አላይም።» አባቴ እኔን ሳይጠይቅ «እሺ» አለ። እጮኛዬ «አባቴን አትጋፊው፤ ታገሺኝ» አለኝ። ደሜ ፈላ። ሦስት ቀን አኮረፍኩት። በአራተኛው ቀን ክሊኒኩ በር ላይ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ቆሞ ሳየው ኩርፊያዬ ወዴት እንደገባ እኔም አላውቅም። ልጁን እፈልገዋለሁ፤ ስለዚህ ብስክሌቱን እተዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ፎቶግራፍ አንሺው የመጣው ይሄኔ ነው።

ከአዲስ አበባ ነበር የመጣው፤ ሙያው ያ ብቻ የሆነ፣ ኮቱን ከጭቃ ይልቅ ካሜራውን ከአቧራ የሚጠብቅ ቀጭን ሰው። ብስክሌት ከውጭ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሊያሳትም ፈልጎ፣ «ብስክሌቴን ባላገር ውስጥ አንሣልኝ» ብሎ ልኮት ነበር። የእኛው ባለሱቅ የዚያ ነጋዴ ደንበኛ ስለሆነ እሱ ዘንድ አረፈ። መጀመሪያ የከተማውን ጎረምሶች ሞከራቸው። ሁሉም ብስክሌቱን አቁመው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ዐይናቸውን ካሜራው ላይ ተክለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙለት። «ንዱ» ሲላቸው «ስንነዳ እንዴት ልታነሣን?» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ በዚያን ጊዜ የተነቃነቀ ሰው ፎቶው ይበላሻል ተብሎ ነው ያደግነው።

ባለሱቁ አስጠራኝ። ልጠይቀው የሚገባኝን አልጠየቅኩም፤ ገና «ፎቶ» ሲል እሺ ብዬ ነበር። በልቤ ያሰብኩት ይሄ ነው። መንዳቱ ከቀረ ይቅር፤ ግን አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ስነዳ የሚያሳይ ወረቀት በእጄ ይቅር። ቀን መቁጠሪያው ለሚመጣው ዓመት ነው፤ እስኪታተም ድረስ እኔ አግብቼ፣ አማቴም ለምደውኝ፣ ነገሩ ሁሉ ተረስቷል ብዬ ራሴን አታለልኩ። አሁን ግን አማቴ ከሰሙ ሠርጉ ገደል ገባ። ይህን ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለእጮኛዬም ጭምር።

ዕቅዱን ያወጣነው በሱቁ በረንዳ ላይ ነው። የተማሪዎቼን ደብተር አንዱን አመጣሁ፤ ፎቶግራፍ አንሺው በእርሳስ ተራራ ሣለበት፣ መንገድ ሣለበት፣ ፀሐይ ሣለበት፤ ከዚያ መንገዱ ላይ አንዲት ነጥብ ጣል አደረገ።

«ይህቺ አንቺ ነሽ» አለኝ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። የዝንብ ኩስ ታክላለች።

«ፊቴስ?»

«አይታይም።»

«እግሬስ? እግሬ ካልታየ ቆርጠው አነሡኝ ማለት ነው።»

«እግርሽም አይታይም። ሥዕሉ አገሩ ነው። ብስክሌቷ ዐይን ሄዶ የሚያርፍባት ነገር ብቻ ናት።»

ባለሱቁ ወንበሩን አስጠጋ። «ደወሉስ?» አለ። ፎቶግራፍ አንሺው ራሱን ነቀነቀ። «ፓራፋንጎውስ? አዲስ ነው እኮ፤ ትናንት ነው ያስገባሁት።» ከኋላው ግድግዳ ላይ የጃንሆይ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ባለሱቁ ጣቱን ወደዚያ ዘረጋ። «ያውልህ ፎቶ። ፊት አለ፤ ልብስ አለ፤ ኒሻኑ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ንጉሡን ተራራ ላይ አቁሞ እንደ ዝንብ ያነሣቸው ሰው ነበር?» እኔ ሽንጤን ገትሬ ከባለሱቁ ጎን ቆምኩ። ሰውየው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ተቀመጠ።

ሲሰለቸው ተነሣና አውራ ጣቱንና አመልካች ጣቱን በሁለት እጁ አጋጥሞ መስኮት ሠራ፤ «ነይ፣ በዚህ እዪ» አለኝ። አየሁ። የሱቁ በረንዳ የለም፣ ገበያው የለም፤ ከእንሰቱ በላይ ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ገደላገደሉ፣ ከዚያ ማዶ ሰማያዊ የሆነው የከምባታ ተራራ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚያው የነበረ ነገር ነው። በአራት ጣት መካከል ሲገባ ግን አዲስ አገር ሆነብኝ። በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ እየሮጥኩ ስገባ ታየኝ፤ ትንሽ ብሆንስ ምን ቸገረኝ? ወዲያው ከድቼ ወደ ፎቶግራፍ አንሺው ጎን ዞርኩ። ባለሱቁ እስከ ዕለተ ሞቱ ይህን ክህደት ሲያነሣብኝ ኖሯል።

ቀጥሎ መንገድ መምረጥ ነው። እዚህ ላይ ሥራዬ በዛ። ሰውየው ፀሐይን ይፈራል፤ እኔ አማቴን እፈራለሁ። እሱ «ጧት ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?» ሲል እኔ በልቤ «ጧት በቅሎዋ በየት ነው የምትመጣው?» እላለሁ። የሆመቾን መንገድ እያመሰገንኩ አልጠግብም፤ የአዲሎን መንገድማ ገነት አደረግኩለት። የጊምቢቹን ሲያነሣ ግን ጭቃ ነው አልኩ፤ ድንጋይ ነው አልኩ፤ ጅብ ጭምር አስገባሁበት።

«በቀን?» አለ።

«የዚያ አገር ጅብ ሰዓት አያውቅም» አልኩ ዐይኔን በጨው አጥቤ።

መጀመሪያ በሆመቾ መንገድ ሞከርን። የዚያን ቀን ነገር ሳስበው ዛሬም ሆዴን ይዤ ነው የምስቀው። ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራውን ባለሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ተክሎ፣ ጥቁር ጨርቁን ራሱ ላይ ጥሎ ይጠብቃል። እኔ እመጣለሁ፤ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ከእንሰት ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ እወርዳለሁ። እንደገና እመለሳለሁ፤ እመጣለሁ፤ ሌላ ሽማግሌ፤ እወርዳለሁ። አንዱ ደግሞ አባቴን የሚያውቁ ሆነው ተገኙና በካሜራው ፊት ቆመን የአያቴን ሞት እንደ አዲስ አነሣን። ከጨርቁ ሥር «ሂጂ፣ ሂጂ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሽማግሌው ዞር አሉና «ምን ይላል ያ ድንኳን?» አሉኝ። ከፊልሙ የሚበዛው በዚህ አለቀ፤ ሲታጠብ ሁሉም ላይ እኔ መሬት ቆሜ ጎንበስ ብዬ ነው ያለሁት።

«ይሄ መንገድ ስንት ሽማግሌ ነው ያለበት?» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

«ያለው ሁሉ።»

«አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳትወርጂ ብታልፊስ?»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አፌን በእጄ ያዝኩ። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም።

በማግስቱ ያለ እኔ ፈቃድ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ጊምቢቹ ደርሶ መጣ። ሲመለስ ዐይኑ ያበራል፤ እጁ ዝም ብሎ በአየር ላይ መስኮት ይሠራል። አንድ ቁልቁለት አይቷል። በግራ ገብሱ፣ በቀኝ እንሰቱ፣ መንገዱ እንደ ቀበቶ ተጣጥፎ ይወርዳል፤ ከሥሩ ጧት ጧት ጉም ይተኛል፣ ከጉሙ ማዶ የቆላው አገር እስከ ዐይን ጥግ ድረስ። ቦታውን ገና ሲነግረኝ ወሽመጤ ተቆረጠ። ከአማቴ ቤት የሚወጣው የእግር መንገድ ወደ አውራ ጎዳናው የሚገባው እዚያው ቁልቁለት አጠገብ ነው።

«ጅብም አላየሁ» አለኝ።

እዚህ ላይ ልተወው ይገባኝ ነበር። ግን ያ ቦታ ምን እንደሆነ እኔ ከእሱ በላይ አውቀዋለሁ። ከእጮኛዬ ጋር አንዴ በእግር ሄጄ፣ በዚያ ቁልቁለት አናት ላይ ቆሜ «በዚህ ብለቀው» ብዬ የተመኘሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ አልተውኩትም፤ ቀን መምረጥ ጀመርኩ። የአማቴን ሳምንት አንድ በአንድ ቆጠርኩ። በገበያ ቀን በዚያ ያልፋሉ፤ ቀረ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ እኔም በከተማው ቤተ ክርስቲያን ነኝ። ሐሙስ የሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከጧት ጀምረው ይሰበሰባሉ፤ አማቴ ከዚያ ስብሰባ ቀርተው አያውቁም። ትምህርት ገና አልተከፈተም፤ መስቀል ሊሆን ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ ዝናቡም እየራቀ ነው። ሐሙስ ጧት ይሁን አልኩ። ፎቶግራፍ አንሺው በፀሐይ፣ እኔ በአማት፣ ሁለታችንም አንድ ቀን ላይ ደረስን።

ረቡዕ እናቴ «ነገ ከቤት እንዳትወጪ» አለችኝ።

«ለምን?»

«አትውጪ አልኩሽ።»

ለመስቀል የቤቱን ግድግዳ ልታስለስነኝ ነው ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ «የተማሪ መዝገብ ልሠራ» ብዬ ሹልክ አልኩ።

ባለሱቁ ብስክሌቱን በፒክአፕ መኪናው ላይ ጭኖ ይጠብቀናል። ብስክሌቱን ሳየው አላወቅኩትም፤ ያንጸባርቃል። «አንተ ዝንብ ነው የማደርጋት አልክ» አለው ፎቶግራፍ አንሺውን፤ «ይሁና። የኔ ዝንብ ግን ታበራለች።» በረንዳው ላይ ካለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት ለምኖ፣ ከደወሉ ጎማውን እስከሚይዘው ክብ ብረት፣ እስከ ቸርኬው፣ አንዲት ነገር ሳይተው ሲወለውል አድሯል። እኔም አመሰገንኩት። የብስክሌት ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን መሆኑን፣ ዘይት የጠጣ ቸርኬ ደግሞ የማይያዝ መሆኑን፣ ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብነውም።

ቦታ ቦታችንን ያዝን። ፎቶግራፍ አንሺው ከማዶ ጉብታ ላይ ካሜራውን ተከለ፤ የቀረው ፊልም ለሦስት ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው። ባለሱቁ መታጠፊያው ላይ ነጭ መሐረብ ይዞ ቆመ፤ መንገዱ ከሰው ነጻ ሲሆን ሊያውለበልብልኝ ነው። እኔ አናቱ ላይ። ጉሙ ከሥር ተኝቷል፤ ፀሐይ ከኋላዬ ወጣች፤ ገብሱ ላይ ያለው ጤዛ በረቀ። ነጠላዬን አንገቴ ላይ አንድ ጊዜ ጠመጠምኩና ጫፉን ለቀቅኩት። መሐረቡ ተውለበለበ።

ለቀቅኩት።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ዕድሜዬን ሁሉ ስወርድና ስወጣ የኖርኩ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያስቆመኝ ሄድኩ። ነፋሱ አፌ ውስጥ ገባ። እንሰቱ በቀኝ በኩል አረንጓዴ ግድግዳ ሆኖ አለፈ። ሆዴ ወደ ላይ ወጣ። የዚያን ጊዜ ሠርግም፣ አማትም፣ መዝገብም ትዝ አላሉኝም፤ ደስታ ብቻ፣ ጥርት ያለ ደስታ።

ከእንሰቱ መካከል የግራጫ በቅሎ ጆሮ ብቅ አለ።

ባለሱቁ መታጠፊያው ላይ ሆኖ አውራ ጎዳናውን ነው የሚጠብቀው፤ የእግር መንገዱ አይታየውም። አማቴ በጥቁር ካባቸው፣ በባርኔጣቸው፣ በበቅሏቸው ላይ ቀጥ ብለው ወደ መንገዱ ገቡ። እጄ እንደ ልማዱ ፍሬኑን ጨበጠ። አልያዘም። ደግሜ ጨበጥኩ፤ ጭራሽ ፈጠነ። መውረድ አለብኝ፤ ከዚህ በፊት ለማይዛመዱኝ ሽማግሌዎች ሁሉ ወርጃለሁ፤ ለአማቴ አልወርድም ማለት ነው? ምን ላድርግ? ያደረግኩትን ስነግራችሁ አሁንም ፊቴ ይቀላል። ደወሉን ደወልኩባቸው። በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው፣ በአማቴ ላይ፣ እንደ ዶሮ ዞር በሉልኝ ብዬ ደወልኩ።

ሳልፋቸው አንድ ነገር አየሁ። ሰውየው ከበቅሏቸው እየወረዱ ነበር።

ከዚያ መታጠፊያው መጣ፤ ባለሱቁ መሐረቡን ጥሎ ዘለለ፤ እኔና ብስክሌቱ አልታጠፍንም። ገብሱ ውስጥ ገባን። ስነሣ አፈር ቅሜአለሁ፤ አንድ ጫማዬ የለም፤ ሌላ የጎደለ ነገር አልነበረም። ከጉብታው ላይ ፎቶግራፍ አንሺው ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይጨፍራል። «ገባ! ገባ!» ይላል። እሱ ሥዕሉ ካሜራው ውስጥ መግባቱን ነው፤ እኔ ምን ውስጥ እንደገባሁ አያውቅም። ቀና ብዬ ብመለከት በቅሎዋም ሰውየውም መንገዱ ላይ የሉም።

ጫማዬ እስኪገኝ፣ ብስክሌቱ እስኪቃና ረፍዶ ነበር፤ ባለሱቁ እስከ ከተማው ጫፍ ድረስ አመጣኝና ከዚያ በጓሮ በጓሮ ቤቴ ገባሁ። በደጃችን ግራጫዋ በቅሎ ታስራለች።

እናቴ በጓሮ በር ጎትታ አስገባችኝ፤ ከፀጉሬ ላይ ገብስ እየለቀመች በሹክሹክታ ትቆጣለች። «አትውጪ አላልኩሽም? አማትሽ ናቸው። የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ነው የመጡት።» ያኔ ገባኝ። ቀን የሚቆረጥበት ዕለት ለሙሽራይቱ አይነገርም፤ ሁሉም ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም። እኔ ፀሐይን፣ ገበያን፣ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባን ሁሉ ቆጥሬ፣ ከእኔ የተደበቀውን አንድ ቀን ነበር የመረጥኩት።

ከመጋረጃው ኋላ ጆሮዬን ጥዬ አዳመጥኩ። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ልጅቷን ትተናታል ይላሉ እያልኩ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ከብት አወሩ። ከጥምቀት በኋላ ያለውን ቅዳሜ ቆረጡ፤ ጸለዩ፤ ሄዱ። ስለ ብስክሌት አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብስክሌት አልነካሁም። በባለሱቁ በኩል ሳልፍ ወደ በረንዳው አላይም። እጮኛዬን «አባትህ ምን አሉ?» እለዋለሁ፤ «ስለ ምኑ?» ይለኛል። ሌሊት ተኝቼ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመላለስብኝ። ለምን ወረዱ? ታናሽ ነው ለታላቅ የሚወርደው። እሳቸው ለኔ?

ገና ሲደርስ ባለሱቁ ፖስታ ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ፎቶው ነው። ከፈትኩት። አገሩ በሙሉ አለ፤ ጉሙ፣ ገብሱ፣ ማዶ ያለው ቆላ። በመካከሉ እኔ፤ ነጠላዬ ከኋላዬ ተዘርግቷል፤ ነጥብ ነኝ፤ ግን ያቺ ነጥብ እንደምትሮጥ ዕውር ያያል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ባለሱቁ ጣቱን በመንገዱ ዳር አሳረፈ። እዚያ አንዲት ትንሽ በቅሎ አለች። ከአጠገቧ አንድ ትንሽ ሰው፣ በመሬት ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣው በእጁ ነው።

«ይሄ ታትሞ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ በየሱቁ ተሰቀለ በይ» አለ ባለሱቁ። «የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ለምራታቸው ከበቅሎ ወርደው፣ ባርኔጣ አውልቀው። እዚህ አገር ይኖራሉ?»

ፎቶግራፍ አንሺው ደብዳቤ ልኳል፤ የሚቃወም ከሌለ ለማተሚያ ቤት እሰጣለሁ ይላል። ሁለታችን ቁጭ ብለን አሰብን። ደብቀን እናሳትመው ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ሰውየውን አንዴ በደወል አልፌአቸዋለሁ፤ ሁለተኛ አላልፋቸውም አልኩ። ፎቶውን ባለሱቁ ይዞላቸው ሄደ።

ሲመለስ ፊቱን አይቼ ምንም ማወቅ አልቻልኩም። «መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት» አለኝ። «"የትኛው ነኝ?" አሉኝ፤ አሳየኋቸው። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ከተቱትና "ሰውየው ይህን እንዳያትም ንገረው" አሉ። "ልጅቷንስ ምን ልበላት?" አልኩ። "ምንም" አሉኝ።»

ቀን መቁጠሪያው በዓመቱ ሌላ ፎቶ ይዞ ወጣ። ብስክሌቱ ብቻውን በባለሱቁ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ደወሉ ይታያል፤ ፓራፋንጎው ይታያል። ባለሱቁ አሥራ ሁለት አስመጥቶ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰቀላቸው።

ከዚያ በፊት ግን ሠርጉ ደረሰ። በእኛ ወግ ሙሽራ በበቅሎ ሄዳ አማቷ ደጅ ስትደርስ ዝም ብላ አትወርድም። አማትየው ወጥተው ስጦታ መጥራት አለባቸው፤ ጊደርም ይሁን ላም። እናቴ ከቤት ስታስወጣኝ «ደህና ጊደር ካልጠሩ ንቅንቅ እንዳትዪ» ብላ መክራኛለች። እኔ ግን ጊደር የጠማኝ ሰው አልነበርኩም። የተላከልኝ ግራጫዋ በቅሎ ናት። በዚያ ቁልቁለት በኩል ስናልፍ ዐይኔን ጨፈንኩ።

ደጁ ሰው ሞልቶታል። ዘፈኑ ቆመ። አማቴ ጥቁር ካባቸውን ለብሰው ወጡ፤ መጡና የበቅሎዋን ልጓም ያዙ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለኔ በቀጥታ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። በሃዲይኛ፣ እኔና በቅሎዋ ብቻ በምንሰማው ድምፅ ተናገሩ።

«ያን ቀን መርዶ ይዘሽ የምትመጪ መሰለኝ» አሉኝ። «በዚያ ፍጥነት የሚመጣ ሰው ሞት ካልሆነ ምን ይነግራል? መርዶ በበቅሎ ላይ ሆኖ አይሰማም፤ ስለዚህ ወረድኩ፤ ባርኔጣዬንም አወለቅኩ። አጠገቤ ስትደርሺ ግን ትስቂያለሽ።»

እኔ እኮ የምጮህ ነበር የመሰለኝ።

«አላይም ብዬ ነበር» አሉ። «አየሁት። ፎቶውን እንዳያትም ያልኩት፣ እኔ ያየሁትን በየሱቁ ያለ ሰው እንዲስቅበት ስላልፈለግኩ ነው።»

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወደ ቤቱ ተጣሩ። ሕዝቡ ዞር ብሎ ጊደር ይጠብቃል። ከበሩ የወጣው ባለሱቁ ነው፤ የሠርግ ልብሱን ለብሶ፣ ብስክሌቱን በመሪው ይዞ እየገፋ። አጠገቤ ሲደርስ ቸርኬውን በጣቱ ነካና ጣቱን አሳየኝ። ደረቅ ነው።

«ያን ቀን እኔ ወርጄልሻለሁ» አሉ አማቴ፣ አሁን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ዛሬ አንቺ ውረጂልኝ።»

ወረድኩ። ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች፤ እኔም ደፋሁ፤ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቀና ስል እንባዬ ይወርዳል፤ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱ አልከደን ብሎታል። እንደ ወጉ አንገቴን እንደደፋሁ መግባት ነበረብኝ። እጄ ግን በብስክሌቱ አጠገብ ሲያልፍ አላስቻለውም፤ ደወሉን አንድ ጊዜ ደውዬ ገባሁ።